ማሽን ያገዘው ፈጠራ የማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ቤተ ሙከራውም ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ጠረጴዛም ከገባ ወዲህ የፓተንት (ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ ሕጋዊ ጥበቃ) ሕግ ምን ደረሰበት የሚለው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱን አሳጥረን አቅርበናል። መልሶቹ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ማመልከቻ ሊያስገባ የተዘጋጀ አንባቢ የራሱን ጉዳይ ለሚያውቅ የፓተንት ባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተመራማሪ ነኝ። ባክቴሪያን የሚገታ ውሕድ ስፈልግ አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም 200 ያህል ሞለኪውሎችን ዘረዘረልኝ። ከእነሱ መካከል 11 መርጬ በቤተ ሙከራ ሠራኋቸው፤ አንዱ ጥሩ ውጤት አሳየ። የሥራ ባልደረባዬ «የፈለሰመው ማሽኑ ስለሆነ ፓተንት አይሰጥሽም» ይለኛል። እውነቱን ነው? ካልሆነስ፣ ሐቁን ለመናገር ያህል የማሽኑን ስም ከስሜ ጎን ላስገባ?

መልስ፦ ባልደረባዎ የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ የደረሱበት ድምዳሜ ግን ከሰሙት ነገር አይከተልም። በየቦታው የሚጠቀሰው ክርክር የተነሣው ስቲቨን ታለር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በበርካታ አገሮች ባስገቧቸው ማመልከቻዎች ነው። የቀረቡት ፈጠራዎች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ልዩ ቅርጽ ያለው የምግብ መያዣ፣ ሁለተኛው በአደጋ ጊዜ የሰውን ትኩረት ለመሳብ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። ታለር የፈልሳሚው ስም በሚሞላበት ቦታ ላይ የጻፉት የራሳቸውን ስም ሳይሆን «ዳበስ» የተባለውን ማሽናቸውን ነበር።

መልሱ ከጥቂት ቦታ በስተቀር ተመሳሳይ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ፓተንቱን ሰጠች፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ የሚያየው የማመልከቻውን ፎርም እንጂ የፈጠራውን ይዘት ስላልነበረ፣ ከዚህ ትልቅ ትርጉም መፈለግ ተገቢ አይመስለኝም። በአውስትራሊያ አንድ ዳኛ በዚያው ዓመት ማሽን ፈልሳሚ ሊባል ይችላል ብለው ቢወስኑም፣ በማግሥቱ ዓመት የይግባኝ ችሎቱ ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሻረው። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የይግባኝ ቦርድ በ2021፣ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በታኅሣሥ 2023 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ፈልሳሚ ማለት በተፈጥሮ ሰው የሆነ ብቻ ነው አሉ። የእንግሊዙ ፍርድ ቤት በዚህ ሳይወሰን፣ የማሽን ባለቤት መሆን ብቻውን ማሽኑ ባወጣው ነገር ላይ የፓተንት መብት እንደማያስገኝም ጨምሮ ገለጸ።

ባልደረባዎ ያላስተዋሉት ግን ይህ ነው፤ ታለር ገና ከጅምሩ «እኔ አልፈለሰምኩም፣ ማንም ሰው አልፈለሰመም» ብለው ነበር የተከራከሩት። ዳኞቹም ይህን አባባል እንዳለ ተቀብለው ወሰኑ እንጂ፣ በማሽን የተረዳ ሰው ፈልሳሚ ሊሆን አይችልም አላሉም። እንዲያውም የእንግሊዙ ፍርድ ቤት፣ ታለር ራሳቸውን ፈልሳሚ አድርገው ማሽኑን እንደ ረቀቀ መሣሪያ ተጠቅሜበታለሁ ብለው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር ጠቁሟል። የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2024 ያጸደቀው አማራጭ ይኸው ነው፤ ፈልሳሚው ታለር መሆናቸው ተጽፎ፣ ማሽኑን ፈጠራውን እንዲያመነጭ ያነሣሡት እርሳቸው መሆናቸው ከጎኑ እንዲገለጽ ፈቀደ።

ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ ማሽኑ ተሳትፏል ወይ የሚል ሳይሆን፣ እርስዎ ምን አደረጉ የሚል ነው። የአሜሪካ ፓተንት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ፈልሳሚ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረጉ እንዲመዘን ጠይቆ ነበር፤ ለማሽን ችግርን ብቻ መንገር ወይም የወጣውን ውጤት አይቶ ጥሩነቱን ማወቅ ብቻውን በቂ ላይሆን እንደሚችል፣ በውጤቱ ላይ ተነሥቶ የተሳካ ሙከራ ማድረግ ግን ሊበቃ እንደሚችል አስረድቷል። በኅዳር 2025 ይህን መመሪያ አንሥቶ አጠር ባለ መመሪያ ተካው። በአዲሱ አመለካከት ማሽኑ እንደ ማንኛውም የቤተ ሙከራ ዕቃ ወይም የመረጃ ቋት መሣሪያ ነው፤ የሚጠየቀውም የተሟላው ፈጠራ በሰው አእምሮ ውስጥ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ሆኖ ተፀንሷል ወይ የሚለው የቆየ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው መመሪያ ለአመልካች የቀለለ ይመስላል። እኔ ግን ብዙም አልዘናጋም፤ ምክንያቱም ፓተንቱ ዋጋ ያወጣ ቀን ተፎካካሪ ድርጅት የእርስዎን ፈልሳሚነት የሚሞግተው በፍርድ ቤት ነው፣ ፍርድ ቤት ደግሞ በጽሕፈት ቤቱ መመሪያ አይታሰርም።

በኬሚስትሪ መፀነስ ሲባል የውሕዱን መዋቅርና ውሕዱ የሚዘጋጅበትን መንገድ ማወቅ ማለት እንደሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከቆዩ ውሳኔዎቻቸው ጀምሮ ይናገራሉ። መዋቅሩን ያወጣው ማሽኑ ከሆነ ክርክሩ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ለማሽኑ የሰጡት መመዘኛ ምን ነበር? ከ200 ውስጥ እነዚያን 11 የመረጡበት ምክንያትስ? በቤተ ሙከራ ሲሠሯቸው የመዋቅሩን አንድ ክፍል ቀይረዋል? ውሕዱ የሚዘጋጅበትን መንገድ የቀየሱት ማን ናቸው? እነዚህን ከነቀናቸው በማስታወሻ ደብተር ያስፍሩ፤ ለማሽኑ የጻፏቸውን ትዕዛዞችና ያገኟቸውን መልሶችም ያስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከትዝታ የሚጻፍ ታሪክ ለዳኛ ብዙም አያሳምንም። ውሕዱ ቀድሞ የታወቀ ሆኖ ከተገኘም ተስፋ አይቁረጡ። በ2020 በማሽን እገዛ የፀረ ባክቴሪያ ኃይሉ የተገኘው ሃሊሲን ቀደም ሲል ለስኳር በሽታ የተጠና ሞለኪውል ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ውሕዱ ራሱ አዲስ ባይሆንም በብዙ አገሮች አዲስ የሕክምና አገልግሎቱ ጥበቃ ሊጠየቅበት ይችላል።

የማሽኑን ስም ግን አያስገቡ። ሐቀኝነትዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም የአሜሪካ ጽሕፈት ቤት ማሽንን ብቻውን ፈልሳሚ አድርጎ በሰየመ የውጭ አገር ማመልከቻ ላይ የተመሠረተን የቀዳሚነት ጥያቄ (በውጭ አገር ቀድሞ የገባበት ቀን እንዲቆጠር መጠየቅን) አይቀበልም፤ ሰውና ማሽን አብረው ተሰይመው ከሆነም እዚያ የሚገባው ማመልከቻ የሰዎቹን ስም ብቻ መያዝ አለበት። የማሽኑ ሚና መነገር ካለበት፣ የሚነገርበት ቦታ የፈጠራው መግለጫ ነው።

ጥያቄ፦ የልብ ምት መዛባትን ከእጅ ሰዓት መረጃ የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል አሠልጥነናል። ሞዴሉን ራሱን ፓተንት ማስደረግ እንችላለን?

መልስ፦ ሞዴሉን እንደ ሒሳብ ካቀረባችሁት አይሆንም፤ እንደ መሣሪያ ሥራ ካቀረባችሁት ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት የሒሳብ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን በዚያነታቸው ብቻ ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። የጽሕፈት ቤቱ የምርመራ መመሪያ ግን ልክ የእናንተን የመሰለ ምሳሌ ይሰጣል፤ በልብ መከታተያ መሣሪያ ውስጥ ያልተለመደ ምትን ለመለየት የሚውል ኒውራል ኔትወርክ (የአንጎልን ነርቮች በመምሰል ከመረጃ የሚማር ፕሮግራም) ቴክኒካዊ አስተዋጽኦ አለው ይላል። ጽሑፎችን በይዘታቸው ብቻ የሚመድብ ፕሮግራም ግን ይህ ዕድል የለውም።

በአሜሪካ በሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ረቂቅ ሐሳብን በተራ ኮምፒውተር ማስኬድ ብቻ ፓተንት እንደማያስገኝ ወስኗል። በሚያዝያ 2025 ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቀጥታ ዝግጅቶችንና የቴሌቪዥን ሥርጭትን መርሐ ግብር በማሽን ለርኒንግ (ፕሮግራም ከመረጃ እንዲማር በማድረግ) ስለማውጣት የቀረቡ ፓተንቶችን ውድቅ ሲያደርግ፣ የታወቀን የማሠልጠኛ ዘዴ ወደ አዲስ የመረጃ መስክ ማዛወር ብቻውን አይበቃም አለ። ሞዴሉ በየጊዜው እንደገና መሠልጠኑም አላዳናቸውም፤ ያ የማሽን ለርኒንግ ጠባይ ነውና። ስለዚህ ማመልከቻችሁ በዘዴው ላይ ያሻሻላችሁትን ማሳየት አለበት፤ ከእጅ እንቅስቃሴ የሚመጣውን የሲግናል ሁከት እንዴት እንዳጠራችሁት ወይም በትንሽ ባትሪ እንዴት እንዳስኬዳችሁት በዝርዝር ጻፉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ጣጣም አለ። ፓተንት የሚሰጠው ምስጢሩ ለሕዝብ በመገለጡ ነው፤ በሙያው ያለ ሰው መግለጫውን አንብቦ ሥራውን መድገም መቻል አለበት። የአውሮፓው የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ደም ግፊት ልኬት የቀረበን ማመልከቻ ውድቅ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ኒውራል ኔትወርኩ በምን ዓይነት መረጃ እንደሠለጠነ አልተነገረም፣ የተባለው መረጃው ዕድሜያቸው፣ ፆታቸውና ጤናቸው ከተለያየ ሕሙማን ይሰብሰብ የሚል ብቻ ነበር። የማሠልጠኛ መረጃችሁን መግለጽ ካልፈለጋችሁ፣ ምናልባት የሚሻላችሁ ፓተንት ሳይሆን የንግድ ምስጢር ነው። ይኼኛው እንደ ፓተንት የ20 ዓመት ገደብ የለበትም፤ ሌላ ሰው በራሱ ጥረት ከደረሰበት ግን መከልከያ የላችሁም።

ጥያቄ፦ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ስላልነበረኝ የፈጠራዬን ሙሉ መግለጫ በነፃ ቻትቦት ላይ አስገብቼ ማመልከቻውን እንዲጽፍልኝ አደረግሁ። አሁን አንድ ሰው «አዲስነቱን አጠፋኸው» አለኝ።

መልስ፦ በአብዛኞቹ አገሮች አዲስነት የሚጠፋው ፈጠራው ለሕዝብ ሲደርስ፣ ማለትም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የሌለበት ሰው ሊያገኘው ሲችል ነው። በግል የተደረገ ውይይት ያን ጊዜውኑ ለሕዝብ ታተመ ማለት አይደለም። ወሳኙ የፈረሙት የአገልግሎት ውል ነው፤ ድርጅቱ ጽሑፍዎን ለሞዴል ማሠልጠኛ የመጠቀም ወይም ሠራተኞቹ እንዲያነቡት የማድረግ መብት ካለው፣ ምስጢር ነበር ብለው መከራከር ይከብድዎታል። ውሉን በዚያ ቀን እንደነበረ ያስቀምጡ፣ ውይይቱን ያጥፉ፣ ማመልከቻውንም ሳይዘገዩ ያስገቡ። አሜሪካና ጃፓን ፈልሳሚው ራሱ ለገለጠው ነገር የ12 ወር ዕፎይታ ይሰጣሉ፤ በአውሮፓ ግን ያለው የ6 ወር ጊዜ ሲሆን እርሱም እምነት ተጥሶ ለወጣ ነገርና ለተወሰኑ ኦፊሴላዊ ኤግዚቢሽኖች ብቻ ነው።

ከአዲስነቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ቻትቦቱ የጻፈው ማመልከቻ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲጽፉ ያልተጠየቁትን ይጨምራሉ፤ እርስዎ አንድ ዓይነት ማጠፊያ ነግረዋቸው እነርሱ «በሌላ አማራጭ ደግሞ» እያሉ ሦስት ይደረድራሉ። እርስዎ ያላሰቡት አማራጭ ጥበቃ በተጠየቀበት ወሰን ውስጥ ከገባ፣ ፈልሳሚው ማን ነው የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ በጓሮ በር ይመለሳል። የአሜሪካ ጽሕፈት ቤት በሚያዝያ 2024 ባለሙያዎችን ያስጠነቀቀው በዚሁ ላይ ጭምር ነበር፤ ሰነዱን የፈረመ ሰው ማንም ይጻፈው ማን ኃላፊ ነው። በ2023 በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆችና ቢሯቸው ቻትቦት የፈጠራቸውን፣ ጨርሶ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በመጥቀሳቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጉዳዩ የፓተንት ባይሆንም ልማዱ አንድ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ያንብቡና «ይህን እኔ አስቤዋለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ያላሰቡትን ይሰርዙ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ማሽኖች በሰዓት ሺህ ሐሳብ ማመንጨት ከቻሉ ከእንግዲህ አዲስ የሚባል ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አዲስነት ብዙም አይጎዳም፤ በማሽን የተመረተ የቃላት ክምር ፓተንትን የሚያግደው ለሕዝብ ተደራሽ ከሆነና በሙያው ያለ ሰው ሊሠራው እስከሚችል ድረስ ከተብራራ ነው። የሚናወጠው ሌላው መስፈርት፣ ፈጠራዊ ብቃት ነው። ሕጉ ፈጠራውን የሚለካው በሙያው መካከለኛ ችሎታ ባለው ምናባዊ ሰው ዓይን ሲሆን፣ ለዚህ ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፓተንት አያገኝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ ሰው ተራ የፈጠራ ችሎታ ያለው እንጂ በዘልማድ የሚንቀሳቀስ ማሽን አይደለም ብሎ ነበር። ዛሬ ያ ሰው በእጁ ማሽን ይዟል። መሣሪያው በሙያው የተለመደ ከሆነ፣ በአንድ ጥያቄ የሚገኝ ቅንጅት ሁሉ ግልጽ ሊባል ነው ማለት ነው፤ መለኪያው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ብዙ የሰው ልፋት ከመስመሩ በታች ይቀራል። የአሜሪካ ጽሕፈት ቤት በዚህ ላይ በ2024 የሕዝብ አስተያየት ጠይቋል። በእኔ እምነት ከማሽን ፈልሳሚነት ይልቅ የሚቀጥሉት ዓመታት ከባድ ክርክር ይኸው ነው።

ለጥናትህ የሚሆን አንድ ፍንጭ ልጨምር። መርማሪ ወይም ተከራካሪ ወገን «ማሽኑን ጠየቅሁት፣ ይህንኑ መለሰልኝ፣ ስለዚህ ግልጽ ነው» ቢል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ የሠለጠነው መቼ ነው የሚለው ነው። ማመልከቻዎች ብዙውን ጊዜ ከገቡ ከ18 ወር በኋላ ይታተማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሠለጠነ ሞዴል የፈልሳሚውን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦት ሊሆን ይችላል።