ግቢያችሁ ውስጥ መኪና ለምትሠሩ ልጆች፦ ስለ ባትሪ

ልጆች፣ "ጋሼ፣ ትንሽና ቀላል ባትሪ የትኛው ነው?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ላሜራውን ራሱ ቀጥቅጦ፣ ከተጋጨ ቪትዝ ሞተር አውጥቶ መኪና የሚሠራ ልጅ ለእያንዳንዱ ኪሎ መጨነቁ ልክ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱ በአምፔር ነው፤ "ሰባ አለ፣ ስድሳ አለ፣ አርባ አለ"። ይሄ የእናንተን ጥያቄ አይመልስም።

የባትሪው ዋና ሥራ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መብራቱንም የነዳጅ ፓምፑንም የሚመግበው ዲናሞው ነው። ሻጩ የሚጠራው አምፔር (ሙሉ ስሙ አምፔር-ሰዓት ነው) ባትሪው ምን ያህል እንደያዘ ይነግራችኋል። ለማስነሳት የሚያስፈልገው ግን ባንዴ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ማወቅ ነው። እሱ "ሲሲኤ" (CCA፣ በብርድ የማስነሻ አምፔር) የሚባለው ቁጥር ነው። የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ለ30 ሰከንድ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነት ብርድ አታውቅም። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሞተር ሰባ አምፔር ባትሪ መጫን ትርፍ ሸክም ነው። ሞተራችሁ ናፍጣ ከሆነ ግን ትንሽ ባትሪ የሚባለውን ነገር እርሱት።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ገመድ ላይ የሚቆለፈውን አምፔር መለኪያ ከሰው ተዋሱ። ዲሲ የሚያነብ ይሁን፤ ርካሾቹ ኤሲ ብቻ ናቸው። ሞተሩ እንዳይነሳ ኮይሉን ንቀሉና አዙሩት። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ገና መዞር ሲጀምር ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ የምትፈልጉት ይህን ያለ ጭንቀት የሚሰጥ ባትሪ ነው።

ውጭ አገር ቤታቸው መኪና የሚሠሩ ሰዎች ኦዲሲ ፒሲ680 የሚባል ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ተመጥጦ የተያዘበት፣ የታሸገ የአሲድ) ባትሪ ይወዳሉ። ክብደቱ 7 ኪሎ ነው። የሚይዘው 16 አምፔር-ሰዓት ብቻ ቢሆንም ሲሲኤው 170 ነው። የተለመደው ስድሳ አምፔር 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ልዩነቱን እዩት። ኦዲሲውን ካጣችሁ የትልቅ ሞተር ሳይክል ኤጂኤም ፈልጉ፣ ሲሲኤውን አንብቡ። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዕቃ) ባትሪ ግን እንዳያታልላችሁ። መልኩ ያው ነው፣ ዋጋውም ደስ ይላል፤ የተሠራው ግን ቀስ ብሎ ለመስጠት ነው። ሞተሪኖ ሲጠይቀው ቮልቱ ይወድቃል።

አሁን ወደ ሊቲየም። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴል ነቅሎ ባትሪ መሥራት እየተለመደ ነው። ለስፒከር ይሁን፣ ለመኪና ግን አይሆንም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የላፕቶፕ ሴል ጣሪያው 4.2 ቮልት ነው። ሦስቱን ስትቀጥሉ 12.6 ይሆናል። ዲናሞው ደግሞ 14.4 ይልካል፤ ለአንድ ሴል 4.8 ማለት ነው። ያ እሳት ነው፣ ቀልድ የለውም። "አራት እናድርገው" ካላችሁ ጣሪያው 16.8 ይሆንና ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። ለመኪና የሚገጥመው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። አራት ሴል በ3.6 ቮልት ሲባዛ 14.4፤ ከዲናሞው ጋር ቁልፍና ጓንጉላ ናቸው። ብቻ ሴሎቹን የሚቆጣጠረው ቦርድ ውስጡ ይኑር፣ የሞተሪኖውንም ጉልበት የሚችል ይሁን። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ሙቀት ጠላቱ ነው። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው አምፔር-ሰዓት ደግሞ "ከአሲድ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር" ተብሎ ነው፤ እውነተኛው አንድ ሦስተኛው ገደማ ይሆናል። ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ።

ትንሽ ባትሪ ደካማ ጎኑ መቆም ነው። ቤት የተሠራ መኪና ደግሞ ከሚነዳበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል፤ ዛሬ ፍሬኑ፣ ነገ ቀለሙ። አላርሙና ቴፑ 50 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስቡ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል። 16 የያዘው ባትሪ በሁለት ሳምንት ባዶ ነው። የአሲድ ባትሪ ባዶውን ከከረመ አይድንም። መቁረጫ ስዊች ግጠሙለት።

ቦታውስ? ክብደት ለማመጣጠን ብሎ ባትሪውን ወደ ኋላ መውሰድ ፋሽን ሆኗል። ሰባት ኪሎ ወደ ኋላ ብትወስዱት ምን ያመጣጥናል? 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ አራት ሜትሩ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በ150 አምፔር ደግሞ 0.3 ቮልት ይበላል። ሞተሪኖው አጠገብ አድርጉት፣ ገመዱ ይጠር።

በብረት ፍሬም ሻንሲው ላይ እሰሩት፤ በላስቲክ ገመድ የታሰረ ባትሪ አይቼ ደሜ ይፈላል። ፖዘቲቩን በጎማ ሸፍኑት። ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስትገጥሙ መጨረሻ አድርጉት። ያኔ ፖዘቲቩን ስታጠብቁ መፍቻችሁ ሻንሲውን ቢነካ እንኳ ምንም አይፈጠርም።