ሐይቅ ላይ ሞተር ያስቸገረኝ ቀን፣ ለጠየቀችኝ ልጅና ለጓደኞቿ

በቀደም ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ደርሰናል፣ የእህቴ የልጅ ልጅ እዛው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ትማራለች፣ ስልኳን አስቀመጠችና "አባባ፣ በትንሽ አውሮፕላን ውሃ ላይ እየበረሩ ሞተሩ ቢያስቸግርዎ መጀመሪያ ምንድነው የሚያደርጉት?" አለችኝ። እኔም ያው እንደለመድኩት መለስኩላት፣ መጀመሪያ ፍጥነትሽን ትይዣለሽ፣ ቀጥሎ የምታርፊበትን ታያለሽ፣ ከዛ ነው ምክንያቱን የምትፈልጊው፣ ሬዲዮው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አልኳት። ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ ደስ አላት። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። መልሱ ትክክል ነው፣ ግን እኔ የዛን ቀን ያደረግኩት ሌላ ነው፣ ከዛ ቀን በኋላ ያላደረግኩት ደግሞ ይብሳል።

ነገሩ 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ጳጉሜ ነበር። ሴስና 182 የምትባል ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እያበረርኩ ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ ልሄድ ነው፣ አጠገቤ አንድ የደሴ ልጅ መካኒክ ተቀምጧል፣ በእድሜም በስራም ይበልጠኛል፣ ላሊበላ ሌላ ስራ ስላለው ነው አብሮኝ የሚሄደው። የላሊበላ መስመር ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ ደሴን አልፎ ወደ ሰሜን፣ ስለዚህ ሐይቅ ምንም መንገዴ አይደለም። ግን እናቴ ያኔ ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው። አውሮፕላን ስትሰማ ነጠላዋን አውልቃ ግቢ ውስጥ ታውለበልባለች፣ የማንም አውሮፕላን ይሁን ልጄ ነው ብላ ነው የምታውለበልበው። ያን እለት አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ወደ ቀኝ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ በሬዲዮም አላሳወቅኩም።

ጠዋት ነው፣ ሌሊቱን ዘንቦ ተራራው ላይ ደመናው ገና አልተነሳም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ውሃው መስታወት መስሏል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ባሕረ ገብ መሬት ከነዛፉ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በጀልባ ወደ ገዳሙ ስሻገር እጄን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ "ስንት ይጠልቃል?" ብዬ ስጠይቀው "የገባ አይወጣም" ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳነብ ለካ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ትሮትሉን፣ የሞተሩን ጉልበት መጨመሪያና መቀነሻ እጀታ፣ ወደ ኋላ ስቤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ፣ የእናቴን ግቢ ዞርኩት፣ ነጠላዋን አየሁት፣ ክንፌን አወዛወዝኩላት፣ ከዛ ወደ ሐይቁ መሃል ዞሬ ከፍ ልል ትሮትሉን ስገፋው ሞተሩ አሳለ። ጉልበት የለም፣ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልግለጽ፣ መካኒካል የምትማሩት ይገባችኋል። ካርቡሬተር፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያለው ሞተር ላይ ቤንዚኑ ሲተንና አየሩ ጠባቡን ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ 20ም 30ም ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ውጪው 15 እና 18 ዲግሪ ሆኖ፣ አንተ በሸሚዝ ተቀምጠህ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ ይሰራል። ትሮትል ስትቀንስ ደግሞ ይብሳል፣ ሞተሩም ስለማይጮህ አይታወቅህም። 182 ላይ ፕሮፔለሩ ራሱን ስለሚያስተካክል አርፒኤሙ፣ የሞተሩ የዙር ፍጥነት፣ ባለበት ይቆያል፣ የሚወርደው ማኒፎልድ ፕሬዠሩ ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት። እኔ እናቴን ነበር የማየው እንጂ ጌጁን አላየሁም። ትሮትል ከመቀነሴ በፊት ካርቡሬተር ሂቱን፣ ወደ ካርቡሬተሩ ትኩስ አየር የሚያስገባውን እጀታ፣ መሳብ ነበረብኝ፣ ይሄን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ አልሳብኩም።

ከውሃው በላይ 700 ጫማ ገደማ ነበርኩ። ሂሳቡን ስሩት፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሞተር ሳይኖረው በ70 ኖት ፍጥነት አካባቢ ቢንሸራተት ከ1000 ጫማ ሁለት ኪሎሜትር ተኩል ቢሄድ ነው። ሐይቁ ዳር እስከ ዳር ስድስት ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ እኔ መሃሉ ላይ ነኝ። ዳር አልደርስም ማለት ነው። ላይፍ ጃኬት የለንም፣ የወሎ ተራራ ላይ ለሚበር ሰው ላይፍ ጃኬት ማን ያስባል። መካኒኩ ደግሞ ዋና አይችልም፣ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ያኔ ካርቡሬተር ሂቱን ሳብኩት። እጀታው ላልቶ ነው የመጣልኝ፣ እንደወትሮው አልከበደኝም። ሞተሩ ጭራሽ ባሰበት፣ ተንደቀደቀ፣ እኔም ደንግጬ መልሼ ገፋሁት። ይሄ ነው ትልቁ ስህተት። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ስለሚገባ መጀመሪያ መባሱ የግድ ነው፣ መባሱ እየሰራ መሆኑን ነው የሚነግርህ። ሙቀቱ የሚመጣው ደግሞ ከጭስ መውጫው ነው፣ ሞተሩ ጨርሶ ከጠፋ በትንሽ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ከዛ በኋላ ብትስበው ምንም አይሰጥህም። መካኒኩ እጁን በእጄ ላይ አሳልፎ እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበውና ይዞት ቀረ። "አብሽር፣ አትንካው፣ ይብላው ተወው፣ አንተ ፍጥነትህን ያዝ" አለኝ። ድምጹን ከፍ እንኳን አላደረገም። እኔ አፍንጫውን ዝቅ አድርጌ 70 ላይ ያዝኩና ወደ ምዕራቡ ዳር አዞርኩ። ውሃው መስታወት ስለሆነ ከፍታዬን በአይን መለየት አልቻልኩም፣ 300 ጫማ ይሁን 100 አላውቅም፣ አልቲሜትሩን ብቻ ነበር የማምነው። በሩን ክፈት አልኩት፣ ከፈተና ጫማውን አውልቆ መሃሉ ሸጎጠው። በስንት ሰከንድ እንደሆነ እንጃ፣ ሞተሩ ሁለቴ ጮኸና ጉልበቱ ተመለሰ። መካኒኩ "አልሃምዱሊላህ" አለ፣ እኔ ምንም አላልኩም፣ አፌ ደርቆ ነበር።

ኮምቦልቻ ተመልሰን አረፍን። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ የካርቡሬተር ሂቱ ሽቦ ማሰሪያው ላይ ይንሸራተታል፣ አንተ ሙሉ ሳብኩ ስትል የትኩስ አየሩ ክዳን ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። በፒንሳ አጠበቀውና "ይሄ ጊዜያዊ ነው፣ ሎጉ ላይ ጻፈው ይቀየር" አለኝ፣ ሎግ የአውሮፕላኑ መዝገብ ነው። እሺ አልኩት። አልጻፍኩም። ብጽፍ የት ሆነህ ነው የሳብከው፣ እዛ ምን ትሰራ ነበር የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ስራዬን ፈራሁ። አንዲት መስመር ናት።

ከዛ ቀን ከወር በላይ ቆይቶ፣ አንድ ጓደኛዬ፣ አንድ ላይ የተማርን፣ በዛው አውሮፕላን ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሞተሩ ከዳው። ማሽላ ማሳ ውስጥ አሳረፈው፣ በደንብ ነው ያሳረፈው፣ ግን እግሩ ተሰበረና ከዛ በኋላ አልበረረም። በረዶ ማስረጃ አይተውም፣ ሰው እስኪደርስ ቀልጦ አልቋል። ሽቦው ላልቶ ተገኝቷል፣ እሱ ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ነው የላላው ተባለ፣ ቀድሞ መላላቱን የሚናገር ወረቀት የለማ። መካኒኩ ያኔ ጂዳ ሄዷል። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከኛ ትሻላላችሁ ብዬ አስባለሁ፣ ሲሙሌተሩም ቪዲዮውም ስልካችሁ ላይ ነው፣ ቼክሊስቱን እኔ ካነበነብኩት በላይ ታነበንባላችሁ። ግን ሞተር ሲጠፋ ምን ይደረጋል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ እንጂ ከመጥፋቱ በፊት እና ከተመለሰ በኋላ ያለውን የሚጠይቀኝ የለም። ደግሞ ሁሉን ነገር ትቀርጻላችሁ፣ እኔ እናቴን ለማየት አይኔን ከጌጅ እንዳነሳሁት እናንተም ለስልክ ታነሳላችሁ። እንዲህ እላለሁ፣ ግን ያን የነጠላ ነጭነት አለማየትንም አልመኝም፣ እናቴ በማግስቱ ዓመት ነው ያረፈችው።

ውሃ ላይ መውረድ ግድ ከሆነ የሚደረገውን ደግሞ ልንገራችሁ፣ በዳሩ ትይዩ ከዳሩ ቅርብ፣ በሩ ከመንካትህ በፊት ተከፍቶ በሆነ ነገር ተሸጉጦ፣ ላይፍ ጃኬት ካለህ ለብሰህ ግን ሳትነፋ። ይሄኛውን በደም ነው የተማርነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የአየር መንገዳችን 767 ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ባህር ላይ ሲያርፍ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ሁለቱም ሞተር ጠፍቶበት ነው ያሳረፈው፣ ከ175 ሰው 50 ነው የተረፈው፣ ውስጥ ሆነው ጃኬታቸውን የነፉት ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው እየተንሳፈፉ በሩ ጋ መድረስ ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። የወሎን ከፍታ ደግሞ አትርሱ፣ ቼክሊስት ሚክስቸር ሪች ይላል፣ ቤንዚኑን ከአየሩ አብዛው ማለት ነው፣ 2000 ሜትር ላይ ግን ሙሉ ሪች ማድረግ የደከመውን ሞተር ቤንዚን ሊያሰጥመው ይችላል፣ እየሞከራችሁ ነው የምታገኙት። ሌላውን አስተማሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል።

ጓደኛዬ ደሴ ፒያሳ ትንሽ የጽሕፈት መሳሪያ ሱቅ ከፍቶ ኖረ። በሄድኩ ቁጥር ቡና ጀባ ይለኝ ነበር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን አልነገርኩትም፣ ከአራት ዓመት በፊት አረፈ። ከልጅቷ ጥያቄ በኋላ ማክሰኞ ደሴ ወጣሁና ለባለቤቱ ነገርኳት፣ የነጠላውንም፣ የሽቦውንም፣ ያልጻፍኩትንም። እስክጨርስ ምንም አላለችም። ከዛ "እሱ እኮ ዘግይቼ ስቤው ነው፣ የኔ ጥፋት ነው እያለ ነው የኖረው፣ ሌሊት ሌሊት እጁ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ይስብ ነበር" አለችኝ፣ እንዴት እንደሚስብም በእጇ አሳየችኝ። ትልቁ ልጃቸው ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ለሱ እኔ ራሴ እንድነግረው ነው የፈለገችው፣ እሺ ብያታለሁ።