ሐሳብ ጠፋን ለምትሉኝ የሥዕል ተማሪዎች

የመመረቂያ ሥራ ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል። «ጋሼ፣ ምን ልሥራ? ሐሳብ ጠፋኝ።» ሸራው ተወጥሯል። ቀለሙ በስንት መከራ ተገዝቷል። እጅም ቢሆን በዓመታት ልምምድ ተገርቷል። የሚሠራው ነገር ግን የለም። ጓደኞች ጀምረዋል፣ አማካሪው «ፕሮፖዛልሽን አምጪ» ይላል፣ ቀኑ ይሮጣል። ይህ ጭንቀት ቀላል አይደለም። ዕድሜዬን በሥዕልና በማስተማር ስለፈጀሁ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። እስካሁን በየኮሪደሩና በየቡና ቤቱ ለአንድ ለአንዳችሁ የምመልሰውን አሁን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

«ሐሳብ ጠፋኝ» ያለኝን ልጅ ቁጭ አድርጌ ሳዋራው፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም። እንዲያውም ሞልቷል። «ስለ ስደት መሥራት ፈልጌ ነበር» ይላል አንዱ። «ስለ ሰላም» ትላለች ሌላዋ። ስለ ማንነት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ሴቶች ጥንካሬ የሚሉም አሉ። ሁሉም ደግ ርዕስ ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ስደትን የሚያህል ነገር አንድ ሸራ ላይ ላውጣ ብሎ የተነሣ ልጅ መጨረሻው የታወቀ ነው። የተሰነጣጠቀ መሬት ይሥላል። ጀርባውን የሰጠ ሰው ይጨምርበታል። ከላይ እርግብ ያበርራል። እነዚህን ነገሮች እሱ በዓይኑ አላያቸውም። ከፖስተር ላይ የመጡ ናቸው።

እስቲ ወደ ራሳችሁ ቤት ተመለሱ። እህቱ ወይም አክስቱ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ የሄደችበት ልጅ በየክፍሉ አለ። የሄደች ቀን ሻንጣዋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር? ስሟን በማርከር የጻፈላት ማን ነው? በርበሬውና ሽሮው ከየትኛው ልብስ ሥር ገባ? ሚስማሩ ላይ ትታው የሄደችው ነጠላ አሁንም እዚያው ነው? ስልክ ሲጠራ እናትሽ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ የትኛው ጥግ ነው የሚሮጡት? ከእነዚህ አንዷን ብቻ ያዢ። ያቺን ጥግ ደጋግመሽ ሣያት። ስደት የሚለውን ቃል አንድም ቦታ ሳትጽፊ ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል።

ትልቅ ርዕስ አይነካ ማለቴ ግን አይደለም። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አስቡ። ርዕሱ አፍሪካ ነው፤ ሙሉ አህጉር። ስፋቱም 150 ካሬ ሜትር ነው። እሳቸው ያን ርዕስ እንዴት ያዙት? በሦስት መስኮት ከፈሉት፦ ያለፈው፣ ትግሉና የወደፊቱ። በየመስኮቱ ደግሞ ሰው በሰው፣ ልብስ በልብስ፣ እጅ በእጅ ሠሩት። ከዚያ በፊት ያደረጉትም ነገር አለ። አውሮፓ በተማሩበት ጊዜ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያሉ የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችን አጥንተዋል። አገር ቤት ሲመለሱም በየክፍለ ሀገሩ ዞረው ሰውን በቅርብ አይተዋል። አዳራሹ ፊት ቆሞ የሚያደንቅ ሰው መስታወቱን ያያል። እናንተ ግን ያን ሁሉ መንገድ አብራችሁ እዩ።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። መጀመሪያ ስልካችሁን አትክፈቱ። በፒንተረስትና በኢንስታግራም ላይ ጥላቻ የለኝም፤ የሩቅ ሙዚየም ደጅ ለማይደርስ ልጅ ትልቅ ነገር ናቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ያሳስበኛል። እዚያ የምታገኙት ሁሉ ሌላ ሰው አስቦ፣ መርጦ፣ ወስኖ የጨረሰው ሥራ ነው። ገና ያላሰበ ዓይን ያን ሲያይ ሐሳብ ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ግን የሌላ ሰው መልስ ነው፤ ጥያቄውን አያውቀውም። አማካሪ ፊት ቀርባችሁ «ለምን ሰማያዊ አደረግሽው?» ስትባሉ ዝም የምትሉትም ለዚህ ነው። የራሳችሁን ነገር በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ ክፈቱት። ያኔ የምትፈልጉትን ስለምታውቁ ይጠቅማችኋል።

ስልኩ ኪስ ይግባና ትንሽ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሰፈራችሁ ወዳለው ጉልት ሂዱ። ጉልትን የመረጥኩት ሁላችሁም አጠገብ ስላለ ነው። በየቀኑ ታልፉበታላችሁ፤ አይታችሁት ግን አታውቁም። አንዲት እናት ማዳበሪያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ቲማቲሙ በመደብ በመደብ ተደርድሯል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ትልልቁና ቀዩ ከፊት ነው፣ ለገዢ እንዲታይ። ፈንዳ ያለው ወደ ታች ዞሯል። ሽንኩርቱ ላይ ያለው ቀጭን ልጣጭ ነፋስ ሲመጣ ይነሣል። ቃሪያው እንዳይጠወልግ ውኃ ተረጭቶበታል። ጃንጥላው ተቀድዶ በሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፏል፤ በቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ ቲማቲሙ ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል፣ ሰዓቱ በሄደ ቁጥርም ክቡ ወደ ሽንኩርቱ ይሻገራል። ሳንቲም የሚገባው ከመቀነታቸው ሥር ነው። እጃቸው ሳያዩት ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትሣሉት። አንድ ቀን እጃቸውን ብቻ ሣሉ። ሌላ ቀን መደቦቹን። ሌላ ቀን ጥላውን። ጠዋት ሄዳችሁ ከሆነ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሂዱ፤ ሻማ ወይም የባትሪ መብራት ይለኮሳል፣ ሌላ ሥዕል ይሆናል። ስትደርሱ ደግሞ ሰላም በሉ። ተማሪ መሆናችሁን ንገሯቸው፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሽንኩርትም ግዙ። የሰው ፊት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ነውር ነው። የተዋወቃችሁት ሰው ደግሞ ካልተዋወቃችሁት በጣም የተለየ ሆኖ ይሣላል።

ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ገበያ ላይ የሚቆሙ ሴቶችን ለዓመታት ሲሥሉ ኖረዋል። ሥራዎቻቸውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ እነዚያ ሴቶች ረጃጅም ናቸው፤ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው፣ ግርማ ሞገስ ተላብሰው ይቆማሉ። ጉዳዩ ግን ያው በየመንገዱ የምናልፈው ቸርቻሪ ነው። ተማሪዎች «ይህ እኮ ተሠርቷል፣ ገበያ የድሮ ርዕስ ነው» ይሉኛል። ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን በእሳቸው ዓይን ነው። አንተ ከፀሐይዋ ክብ ጀምር። ማንም አልሠራትም።

ደብተራችሁ ከሞላ በኋላ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ። ይህን ከሌላው ምክሬ ሁሉ አስበልጬ አምንበታለሁ። ደብተሩን ዝጉና ያያችሁትን ነገር ከትዝታ ሣሉት። ብዙው ይጠፋል። የቀረውን አስተውሉ። አንዷ ልጅ የሚቀርላት ቀለም ነው። ሌላው የጃንጥላው ዘንግ ከመሬት ጋር የሠራው ማዕዘን ብቻ ይቀርለታል። ሌላው ሴትየዋን ረስቶ በመደቦቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ያስታውሳል። ያ የቀረው ነገር የእናንተ ነው። ማንም አላዘዛችሁም፤ አእምሯችሁ ራሱ መረጠው። ፕሮጀክቱን እዚያ ላይ ትከሉት። ከዚያ ያንኑ ነገር በከሰል ሞክሩት፣ በቀለም ሞክሩት፣ ወረቀት ቀድዳችሁ በመለጠፍ ሞክሩት፣ በጣም አተልቁት፣ በጣም አሳንሱት። ብዙ ትንንሽ ስኬች (የሙከራ ንድፍ) ሥሩ። አሪፉ ስኬች መጀመሪያ ላይ እምብዛም አይመጣም። መጀመሪያ የሚመጣው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ እሱ ካለቀ በኋላ ነው የራሳችሁ የሚወጣው። በሦስተኛው ስኬች ላይ ቆመው «አልሆነልኝም» የሚሉ ልጆች ያሳዝኑኛል። ደጁ ደርሰው ነው የሚመለሱት።

ስለ ባሕልም ልናገር። ብዙዎቻችሁ «ባሕሌን መነሻ አድርጌ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ ትልልቅ ዓይን ያላቸው ፊቶች፣ መስቀልና ጥቂት ፊደል ሸራው ላይ ይበተናል። ይህ መነሻ ማድረግ አይባልም፤ መገልበጥ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያላየ ተማሪ ጊዜ ወስዶ ይየው። የብራና ክታብ ያገኘ ሰው ደግሞ ፊቱ ይቀመጥ። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተሠራ ረጅም ጥቅል ነው፤ ቁራጮቹ በቆዳ ክር ተሰፍተው ተያይዘዋል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ተጽፎ መጀመሪያው በቀይ ይደምቃል። የባለቤቱ ስም በየቦታው ይገባል። በመካከል ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ኮከብ፣ ከየአቅጣጫው የሚያፈጡ ዓይኖች አሉ። በልማዱ የጥቅሉ ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል ይሆናል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሥዕሉ ልክ የአንድ ሰው ቁመት ነው። ሥዕሉ ለጌጥ አልተሠራም፤ የታመመ ሰው እንዲያየው፣ ክፉውም እንዲፈራው ነው። ታዲያ ከዚህ የሚወሰደው ዓይኑ ብቻ ነው? «የእናቴን ቁመት የሚያህል ሥራ ብሠራስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ፕሮጀክት አገኛችሁ። «ዛሬ ሰው ከምን እንዲጠበቅ ይፈልጋል?» ብትሉ ሌላ ፕሮጀክት ነው። አንድም ዓይን ሳትሥሉ ከክታቡ ተምራችኋል ማለት ነው።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ይህን መንገድ አሳይቶናል። ወጣት ሳለ በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደ። ፓሪስ ውስጥ የሠዓሊዎቹን የፖል ክሌን፣ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን፣ የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታን ሥራዎች አየ። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ ለጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን አስተምሯል። በሥራው ውስጥ ጠልሰሙም (የክታቡ ሥዕል)፣ ብራናውም፣ ፓሪስ ያየውም አለ። ከሌላ ሰው መማር አያሳፍርም። ከማን እንደተማራችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ የወሰዳችሁትንም ከራሳችሁ ነገር ጋር አጋጩት።

ደግሞ ሐሳብ ሁልጊዜ ከጭንቅላት አይነሣም። ከቁሳቁስም ይነሣል። ዛሬ የሸራና የቀለም ዋጋ ለተማሪ የሚቀመስ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ኤልያስ ስሜን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዚሁ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተመረቀው። በክርና በልብስ ቁልፍ ሲሠራ ቆይቶ፣ በኋላ ከመርካቶ በሚገኝ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎችን ሠራ። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላሉ፤ ሲጠጉ እያንዳንዷ ሽቦ በእጅ ተጎንጉና ትታያለች። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው እሱ ነው፤ ሄዳችሁ የጭቃ ግድግዳውን በቅርብ እዩ። ከዚያ መርካቶ ውስጥ ወዳለው ምናለሽ ተራ ውረዱ። ቆርቆሮው፣ ጎማው፣ የዘይት ጀሪካኑ እንዴት ተቆርጦ ሌላ ዕቃ እንደሚሆን አንጥረኞቹን ጠይቁ። ቆርቆሮ እንዴት እንደሚታጠፍ በአንድ ከሰዓት ከእነሱ የምትማሩትን እኔ ክፍል ውስጥ አላስተምራችሁም።

መቼ ነው ፍለጋው የሚያበቃው? ነገሩን ለጓደኛችሁ ስታወሩ እጃችሁ መሥራት ከፈለገ በቃ ጀምሩ። አንዳንዶቻችሁ «ሪሰርች ላይ ነኝ» እያላችሁ ወራት ትገፋላችሁ። እሱ ፍርሃት ነው። የመጀመሪያው ሸራ መበላሸቱ አይቀርም፤ ከተበላሸው በላይ ሥሩበት። ሥራውን ግማሽ ላይ ሳለ ለሰው አሳዩት። አማካሪያችሁ ብቻ አይይ። ሥዕል የማያውቅ ሰውም ይየው፤ የቤት አከራያችሁ፣ ታናሽ ወንድማችሁ። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለእናንተ ሲል «አዎ» ይላል። «ምን ታያለህ?» በሉትና ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

ስለ ሥራው የምትጽፉትን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ጻፉት። አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ ጀምሩት፤ በአማርኛም ይሁን፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ይሁን በሲዳምኛ። ለትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ካስፈለገ በኋላ ይተረጎማል። መጀመሪያ ምን እንዳያችሁ ጻፉ፤ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን አጠገብ ቆማችሁ። ከዚያ ምን እንዳደረጋችሁበት። «ሥራዬ የሰው ልጅን ሁለንተናዊ ሕይወት ይዳስሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሰርዙት፤ በምትኩ ጃንጥላዋ በምን ቀለም ጨርቅ እንደተጣፈች ጻፉ።