ቋንቋና ታሪክ አጥንታችሁ ወደ ኮሙኒኬሽን ለምትገቡ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ ተምራችሁ መውጫ ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ» የሚለውን መደብ አትዝለሉት። ከጋዜጠኝነት ቀጥሎ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተጠቅሶ ታገኙታላችሁ፤ ታሪክና ሶሲዮሎጂ አንዱ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ አይኖርም። «ተዛማጅ የትምህርት ዓይነት» የሚል ካለ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ። ሳይጠይቁ የተመዘገቡ ፈተና ከተጠሩ በኋላም ሊሰረዙ ይችላሉ።

ብዙዎቻችሁ ብዕራችሁ ስላማረ የምትመረጡ ይመስላችኋል። ቀጣሪ የሚፈራው ግን የተሳሳተ ስም፣ የተሳሳተ ቁጥርና የተሳሳተ ቀን ነው። የታሪክ ተማሪ ሁለት ምንጭ ሳያመሳክር አይጽፍም፤ የሶሲዮሎጂ ተማሪ ቃለ መጠይቅ አድርጎ ማስታወሻ መያዝ ያውቃል። ይዛችሁ የምትገቡት ሀብት ይኸው ነው።

ከራሳችን አገር ልጀምር። «ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ ሁለት ሰሜን ሸዋ አለ። አንዱ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ ዋና ከተማው ፍቼ። ክልሉ ያልተጠቀሰበት መግለጫ አዲስ አበባ ያለ አዘጋጅ እጅ ሲገባ ሥልኩ የሚደወለው ወደማይመለከተው ዞን ነው። «መንዝ» ማለትም አይበቃም። ጌራ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ቀያ ገብርኤል የተለያዩ ወረዳዎች ናቸው፤ የመሐል ሜዳን (የጌራ ምድር ከተማ) ሰው የሞላሌ (የማማ ምድር ከተማ) ባለሥልጣን አድርጋችሁ ብትጽፉ ሁለቱም ወረዳ ይቀየማችኋል። የባለሥልጣኑን ስምና ማዕረግ ከማኅተም ወይም ከደብዳቤ ላይ ገልብጡ፣ በጆሮ አትመኑ።

ቀንም እንደዚሁ። ለውጭ ድርጅት ሪፖርት ስታዘጋጁ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ የዘመን ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሰው የጥቅምትን ዝግጅት በአንድ ዓመት ያሳልፈዋል። ሰዓትንም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ 3 የፈረንጅ እንግዳን ከሰዓት በኋላ ያመጣባችኋል።

አሁን ወደ ዜናው። የወረዳ ኮሙኒኬሽን ገጾች ላይ የሚሞላው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ባለድርሻ አካላት በተገኙበት የምክክር መድረክ በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ።» ገበሬው ከዚህ ምን ያገኛል? ስብሰባው የመከረው ስለ ምርጥ ዘር ከነበረ መግቢያው «የቀበሌው አርሶ አደሮች ከሰኞ ጀምሮ ዘር የሚወስዱት ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ነው» መሆን አለበት። ማን ተገኘ፣ ማን ከፈተ የሚለው ወደ ታች ይውረድ። አለቃ ስሙ ከላይ እንዲሆን ይፈልጋል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ክርክሩን የምታሸንፉት ሁለቱንም ጽፋችሁ ጎን ለጎን ስታሳዩት ነው፤ ባታሸንፉም ስሙን በሁለተኛው አንቀጽ አስገቡና እለፉ።

ለሬዲዮ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ፣ በሰዓት እየለካችሁ አንብቡ። በአንድ ትንፋሽ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ይከፈል። ደብረ ብርሃን ላይ ውጭ ስትቀርጹ ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል፤ ተናጋሪውን ግንብ አስጠግታችሁ ማይኩን ወደ አፉ አቅርቡ፣ ከመለያየታችሁ በፊትም በጆሮ ማዳመጫ መልሳችሁ ስሙት። ፎቶ ስታነሡ መስኮት ከተናጋሪው ጀርባ ካለ ፊቱ ይጠቁራል። መግለጫ የሌለው ፎቶ ለአዘጋጅ አይጠቅምም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆኑ፣ የት፣ መቼ ብላችሁ አብራችሁ ላኩ።

የሥራው መልክ እንደየቦታው ይለያያል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሁሉን ያሠራችኋል፦ ዜና፣ ፎቶ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አንዳንዴም የመድረክ መሪነት። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ለመማሪያነት ግን የሚበልጠው የለም። ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማስታወቂያ፣ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር የሚደረግ ውይይት፣ የጎብኚ አቀባበል ይበዛል። ቢራ ፋብሪካ ከገባችሁ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ መከልከሉን ዕወቁ፤ ከዝግጅት ድጋፍ ጋር የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በሕግ ክፍል ይታይ። የእርዳታ ድርጅቶች ጥሩ ይከፍላሉ፣ እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ፣ ውላቸው ግን ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል። የተፈናቃይ መጠለያ ገብታችሁ ስትቀርጹ ሰውየው ፎቶው የት እንደሚወጣ ተረድቶ ሊፈቅድ ይገባል፤ ለልጅ ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይፈርማል። ሰልፍ ላይ ቆሞ እህል የሚጠብቅ ሰው «እሺ» ያለው እንዳይከለከል ፈርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃዱን ድርሻውን ከተቀበለ በኋላ ጠይቁት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከገባችሁ ስለ መረጃ ነፃነት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን አንብቡ። የመረጃ ጥያቄ የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፣ ለመልሱም የ30 ቀን ገደብ አለው። አንድ መዝገብ ክፈቱና የጠያቂውን ስም፣ የተጠየቀውን፣ የገባበትን ቀንና የመልሱን ቀን ጻፉበት። ጥያቄ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፣ በአለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ወሬ ሲነሣ፣ ለምሳሌ «ውኃው ተመርዟል» ሲባል፣ ዝም ማለት ከሁሉ የከፋ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ነገር ያለው አጭር መልእክት አውጡ፦ እስካሁን የተረጋገጠው፣ ገና በመጣራት ላይ ያለው፣ ቀጣዩ መረጃ የሚወጣበት ሰዓት። ባላችሁት ሰዓት አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ ውጡና «ምርመራው አላለቀም» በሉ። ወሬውን ቃል በቃል ደግማችሁ አታስተባብሉ፤ ያልሰማውም ከእናንተ ይሰማዋል። የገጹን የይለፍ ቃል ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ መስክ ሲወጣ ገጹ እንዳይዘጋ።

ለቅጥር ስትቀርቡ ከዲግሪው ጋር አምስት የሥራ ናሙና ይኑራችሁ፦ አንድ ዜና፣ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ የአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ፣ መግለጫ ያለው ፎቶ፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ አንድ ገጽ። ቀጣሪ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፤ የዕድር፣ የወጣት ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ዝግጅት ሄዳችሁ በነፃ ሥሩላቸው። ፋይሉን በስማችሁና በቀኑ ሰይሙት፤ «የመጨረሻ አዲስ 2» የሚል ፋይል የላከ አመልካች ገና ሳይነበብ ይገመታል።