የወጌሻ የልጅ ልጅ ፊዚዮቴራፒ ብትማርስ?

ከኩታበር ለጻፍሽልን እህታችን፦

አያትሽ ወጌሻ ናቸው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቅቤ እያቀለጥሽ፣ ሸምበቆ እያቀበልሽ አግዘሻቸዋል። አሁን 12ኛ ክፍልን በተፈጥሮ ሳይንስ ጨርሰሽ ፊዚዮቴራፒ (በእጅና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ለመማር ስታስቢ፣ ቤተሰብ «ለማሸት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» ይልሻል። ምን ብለሽ እንደምትመልሺላቸው ጠይቀሻል።

አንድ ጉልበት እንውሰድ። አንዲት እናት ከጉልበቷ በታች ተሰብራ ከርማ ጄሶው ተፈታላት እንበል። ራጁ አጥንቱ መግጠሙን ያሳያል፤ ጉልበቷ ግን 60 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አልታጠፍ ይላል። ደረጃ በደህና ለመውረድ ወደ 90 እና 100 ዲግሪ ያስፈልጋታል፤ ለስግደት ተንበርክካ ተረከዟ ላይ ለመቀመጥ ደግሞ ከ140 በላይ። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን ከማሳረፏ በፊት በማዕዘን መለኪያ ትለካለች፤ ህመሙንም ከ0 እስከ 10 በቁጥር ታስነግራታለች። ካልለካች ነገ መሻሻሉን በምን ታውቃለች?

ከዚያ በጀርባዋ ታስተኛታለች፤ ጉልበቷ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል እንዲታጠፍ ከስሩ ፎጣ ጠቅልላ ታደርጋለች። ታፋ ከተወጠረ የጉልበት ሎሚ ንቅንቅ አትልም። ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ባለው ስስ ቦታ የሎሚዋን የላይኛ ጠርዝ ትይዛለች። ወደ እግር ጣቶች አቅጣጫ ቀስ አድርጋ ትገፋለች፣ ትለቃለች፤ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለ30 ሰከንድ፣ ሁለት ሦስት ዙር። ጀማሪ የሚሳሳተው ሎሚዋን ወደ አልጋው ሲጫናት ነው። ያን ጊዜ አጥንት ካጥንት ይፋተጋል፣ እናትየዋ ደንግጣ ታፋዋን ትወጥራለች፣ የዕለቱ ሥራ እዚያው ይበላሻል። ክንድሽ ከታፋው ጋር ትይዩ ከሆነ ይህ አይደርስም።

ግፊቱም ልክ አለው። አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ማይትላንድ በአራት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛውና ሁለተኛው መገጣጠሚያው «በቃኝ» ማለት ከሚጀምርበት ቦታ በፊት የሚቆሙ ናቸው፤ ህመም ለሚያይልበት ሰው ይሆናሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ያንን ቦታ ገብተው የሚገፉ ናቸው፤ ለደረቀ መገጣጠሚያ ነው የሚያገለግሉት። ትኩስ ያበጠ ጉልበት ላይ አራተኛውን መጠቀም እብጠቱን ያባብሳል። ሲጨረስ እንደገና ይለካል። በእጅ የተገኘችው 5 ዲግሪ፣ እናትየዋ ተኝታ ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ እየሳበች 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ ካልሠራችባት ተመልሳ ትጠፋለች።

ጡንቻውም እንዲሁ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው ትከሻውና አንገቱ መካከል የምትቆረቁር ቋጠሮ ይዞ ይመጣል። ህመሙ በዚያው ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር 5 አካባቢ እስኪደርስ ተጭነሽ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ትጠብቂያለሽ፤ ቋጠሮዋ ከጣትሽ ስር ስትላላ ይሰማሻል። ታማሚው ትንፋሹን ከያዘ አብዝተሻል ማለት ነው።

ለቤተሰብ የምትሰጪው ዋናው መልስ ግን ይኼ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ከሁሉ በላይ የሚያስተምርሽ መቼ መንካት እንደሌለብሽ ነው። ጄሶ ከተፈታ በኋላ አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ቢታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሌሊት የሚብስ የወገብ ህመም ከላብና ከክሳት ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ መጫን አይገባም። የተጎዳ ክርን በኃይል ከታሸ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅልና ክርኑ ጨርሶ ሊደርቅ ይችላል። ወለምታ ነው ተብሎ የመጣ ቁርጭምጭሚትም በውስጥም ሆነ በውጭ በኩል የወጣው አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲነካ ካመመው፣ ወይም ሰውየው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ከእሽታ በፊት ራጅ ይነሣል።

አንዷን ነገር ግን ትምህርት እስክትጀምሪ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ለአያትሽ ንገሪልን፤ በአክብሮት፣ ቡና ላይ። ሸምበቆ የታሰረለት ሰው ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ክፉኛ ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታ፤ ሰውየውም ሆስፒታል ይሂድ። እብጠት ከውስጥ፣ ሸምበቆ ከውጭ ሲይዙት ደም መሄጃ ያጣል። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ፤ አያትሽም የሚያድኑትን ሰው መጉዳት አይፈልጉም።

ስለ ትምህርቱ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ስለሆነ የትምህርት ክፍል የሚመደብልሽ በውጤትሽ ነው፤ ባዮሎጂንና ፊዚክስን አትልቀቂ። ከመምረጥሽ በፊት ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሄደሽ፣ አስፈቅደሽ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ እዪ። ሥራው ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። አልጋውን ዝቅ አድርጎ በሰውነት ክብደት የማይሠራ ሰው ከዓመታት በኋላ የራሱን ወገብና አውራ ጣት ያጣል፤ እንዲያውም አውራ ጣቱ ነው ቶሎ የሚሄደው።

እስከዚያው እጅሽን አለማምጂ። አንድ ፀጉር ደብተር ላይ አስቀምጪ፣ በአንድ ገጽ ሸፍኚ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጣትሽ ፈልጊው። ስታገኚው ሁለት ገጽ አድርጊ፣ ከዚያ ሦስት። በኃይል ከተጫንሽ አይገኝም።