የኢፌክት ሳይዝ ጥያቄና መልስ፦ ልዩነቱ ስንት ነው?

ኢፌክት ሳይዝ በቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ጥያቄዎቹ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከሲሪንካ አካባቢ ቴሲስ ከሚጽፉና መስክ ላይ ከሚሠሩ የመጡ ናቸው። ስትጠይቁ የየቡድኑን አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ) እና የናሙና ብዛት ጻፉ። ያለ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች የሚሰላ ነገር የለም።

ከደሴ፦ ፒ ቫልዩዬ 0.002 ወጣ። ውጤቴ በጣም ትልቅ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) የልዩነቱን መጠን ከናሙናው ብዛት ጋር ደባልቆ ነው የሚሰጥህ። በየቡድኑ 2,000 ሰው ካለ ኮኸን ዲ (የአማካዮቹ ልዩነት ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲካፈል) 0.1 ብቻ ሆኖም ፒ ወደ 0.002 ይወርዳል። በየቡድኑ 20 ሰው ብቻ ካለ ግን ዲ 0.5 ሆኖም ፒ 0.12 አካባቢ ይቀራል።

ከሲሪንካ፦ አዲስ የማሽላ ዘር በሄክታር 28 ኩንታል፣ የአካባቢው ዘር 25 ኩንታል ሰጠ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ለሁለቱም 6፣ ማሳው 20 20 ነው። ዲ ስንት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ልዩነቱ 3 ነው፤ ለ6 ስታካፍለው 0.5። ዴቪዬሽኖቹ ቢለያዩና ማሳው እኩል ቢሆን ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተህ ትደምራለህ፣ ለሁለት ታካፍላለህ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ታወጣለህ። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ዲ ትንሽ ወደ ላይ ያጋንናል፤ ማረሚያው ሄጅስ ጂ ነው። ባንተ ቁጥር 0.49 ይሆናል፣ ለውጡ ኢምንት ነው። 8 8 ማሳ ቢሆን ግን ወደ 0.47 ይወርድ ነበር።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ምርምር ጣቢያ ውስጥ መሬቱ የተመጣጠነ ነው፣ አረሙም በወቅቱ ይታረማል፤ ስለዚህ ዴቪዬሽኑ ወደ 3 ሊጠብ ይችላል። ያኔ ያው 3 ኩንታል ዲ 1.0 ሆኖ ይወጣል። ዘሩ አልተሻሻለም፣ የተቀየረው አካፋዩ ነው። ለዚህ ነው ኩንታሉን አስቀድማችሁ ጻፉ የምለው። ከጎኑ 95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነተኛው ልዩነት ሊሆን የሚችልበት ክልል)፣ ዲ ከዚያ በኋላ። ያንተ ኢንተርቫል በሄክታር ከ0.84 ኩንታል መቀነስ እስከ 6.84 ኩንታል መጨመር ይደርሳል።

አንድ ነገር አጣራ፦ 20 ማሳ ያልከው የ20 ገበሬ ነው ወይስ ከ4 ገበሬ አምስት አምስት ቦታ? ሁለተኛው ከሆነ ነጻ ናሙናህ 4 ነው፤ ከላይ ያሰላሁት ሁሉ አይሠራም።

ከወልድያ፦ "ኢፌክት ሳይዝ" ከምንል "የተፅዕኖ መጠን" ብንል አይሻልም?

ሌላ ከደሴ፦ "ተፅዕኖ" ካልን አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት ይሆናል። በመጠይቅ ብቻ በተሠራ ጥናት ላይ ያሳስታል።

ከወልድያ፦ እንግሊዝኛውም እኮ ያንኑ ነው የሚለው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የምትጠቀሙበት ቃል ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ግለጹ፣ እንቀጥል።

ከኮምቦልቻ፦ ዳታ ሰብስቤያለሁ። ኢፌክት ሳይዝ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ የምን ዳታ? ስንት ቡድን? ምን ለካችሁ? መግቢያውን አንብባችሁ እንደገና ጠይቁ።

ከደሴ፦ አድቫይዘሬ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ብለሽ ጻፊ ብለውኛል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ቁጥሮቹ የስታቲስቲክስ ሊቁ የጃኮብ ኮኸን ናቸው። እሱ ራሱ ግን ሌላ መነሻ ሲጠፋ ብቻ እንዲያዙ ነው ያስጠነቀቀው። ሞትን የሚቀንስ መድኃኒት ላይ 0.2 ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። በራስሽ መስክ የተሠሩ ጥናቶች ካገኙት ጋር አወዳድሪው። ኩንታሉን፣ ነጥቡን ወይም ኪሎውን አስቀድሚ፣ ቅድም ብያለሁ።

ከኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ፦ ኦድስ ሬሾ 2.25 ወጣ። "ከእጥፍ በላይ" ልበል?

መልስ፦ ተጠንቀቅ! ክትባቱን ያጠናቀቁት በአንዱ ቡድን 60 ፐርሰንት፣ በሌላው 40 ፐርሰንት ቢሆኑ ኦድስ ሬሾው 2.25 ነው። ኦድስ ማለት ያጠናቀቁት ላላጠናቀቁት ሲካፈል ነው፤ ሬሾው የአንዱ ቡድን ኦድስ ለሌላው ሲካፈል። የሁለቱ ቡድን ፐርሰንት፣ 60 ለ40፣ ሲካፈል ግን 1.5 ነው፤ ሰው የሚረዳውም ይህንን ነው። ነገሩ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ ሲሆን ኦድስ ሬሾ ያጋንናል። ሁለቱንም ፐርሰንት ጻፍ።

ከወልድያ፦ ከሥልጠና በፊትና በኋላ ያንኑ ሰው ብፈትንስ?

መልስ፦ በልዩነቱ ዴቪዬሽን (የየሰው የበፊትና የበኋላ ልዩነት በሚበታተንበት) ካካፈልክ፣ የሁለቱ ፈተና ኮሪሌሽን (ውጤቶቹ አብረው የሚሄዱበት መጠን) ከ0.5 በላይ ሲሆን ዲ ያብጣል። ኮሪሌሽኑ 0.8 ከሆነ 0.5 የነበረው 0.79 ይሆናል። በየትኛው እንዳካፈልክ ካልጻፍክ ማንም ሊያወዳድረው አይችልም።

ከደሴ፦ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ) የሚያወጣው ፓርሻል ኢታ ስኩዌርድ ከኢታ ስኩዌርድ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ኢታ ስኩዌርድ ፋክተሩ (ቡድኖቹ የተከፈሉበት ነገር) ከጠቅላላው መለያየት የሚያብራራው ድርሻ ነው። ፋክተሩ አንድ ብቻ ሲሆን አንድ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይለያያሉ፤ "ፓርሻል" የሚለውን አትጣሉት።

ከኮምቦልቻ፦ በቤይዝያን ዘዴ (ቀድሞ ያለን ግምት በዳታ በሚያሻሽለው ስሌት)ስ?

መልስ፦ የሚሠራበት ሰው ይመልስ።

ከሲሪንካ፦ ለገበሬው 0.5 ብዬ ልነግረው አልችልም። ምን ልበል?

መልስ፦ በጥማድ ቀይረው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ከሆነ፣ 3 ኩንታሉ በጥማድ 75 ኪሎ ነው።

ከወልድያ፦ ጥማድ በየቦታው ይለያያል!

መልስ፦ እውነት ነው፣ በሜትር ለክታችሁ ቀይሩ። ኢንተርቫሉንም አትደብቁ፦ በጥማድ ከ21 ኪሎ መቀነስ እስከ 171 ኪሎ መጨመር። ዘር ቀይሩ ለማለት ገና ነው፤ ዲ 0.5ን በ80 ፐርሰንት ፓወር (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የመገኘቱ ዕድል) ለማግኘት በየቡድኑ 64 ማሳ ያስፈልጋል።