ጣት የሚያደነዝዝ መሪ፦ ስለ ሳይክል እጀታ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱንን የሳይክል ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርገናል። ሁሉም ዞረው ዞረው የሚገናኙት መሪው ጫፍ ላይ ባለችው ጎማ፣ በእጀታዋ ነው። ሻጮች «ግሪፕ» የሚሏት ናት።

«በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ በማውንቴን ሳይክል እመላለሳለሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የሁለቱም እጆቼ ትንሿ ጣትና ከእሷ ቀጥላ ያለችው ይደነዝዛሉ። ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ ጣቴ የእኔ አይመስለኝም። የሚሸጡት ሰዎች ወፍራም የስፖንጅ እጀታ ግዛ ይሉኛል። ልግዛ?» (መምህር፣ ከመርዓዊ)

ስፖንጁን አይግዙ። መጀመሪያ የደነዘዙት የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ እንይ፤ ነገሩን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ስሜታቸውን የሚያገኙት አልናር ከሚባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ ወደ መዳፍ የሚገባው በትንሿ ጣት በኩል፣ ከእጅ አንጓ ቀጥሎ በጣት ሲጫኑት ጠንከር የምትል የአጥንት ጉብታ አጠገብ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ሥጋ የለም። የላይኛው ሰውነትዎ ክብደት በዚያች ነጥብ አርፎ ጠጠሩ ከሥር ሲደበድበው፣ ነርቩ በአጥንትና በብረት መሃል ይጨፈለቃል። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ቢሆኑ ኖሮ የሚነካው ሌላ ነርቭ ነበር፤ ያኔ የምንጠረጥረው አንጓው ወደ ላይ ታጥፎ መቆየቱን ነው።

ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲጨብጡት ደስ ይላል። ክብደት ሲያርፍበት ግን ልክ በሚያምዎት ቦታ ላይ ሟሽሾ እጅዎን ከብረቱ ጋር ያገናኘዋል። ላብና ዝናብም ይመጣል፤ ክረምት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዘውት ይሄዳሉ። ለስላሳ ሁሉ ምቹ አይደለም። ለእርስዎ የሚበጀው ክብደቱን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ የሚያሳርፍ፣ ከውጭ በኩል እንደ ክንፍ የተዘረጋ እጀታ ነው። ክንፉ የመዳፍዎን ጠርዝ ከሥር ደግፎ ይይዘዋል፣ ጫናው ከአንዲት ነጥብ ወደ መላው መዳፍ ይበተናል። ጎማው ጠንከር ያለ፣ በብሎን የሚታሰር ይሁን። ያልታሰረ ክንፍ በመንገድ ላይ እየዞረ ጭራሽ ያስቸግራል።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ግን ኮርቻውን ይመልከቱ። ከምናያቸው ሳይክሎች ብዙዎቹ የኮርቻቸው አፍንጫ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ እጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይገፋል፤ የትኛውም እጀታ ይህን አያድንም። ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ኮርቻው ላይ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ ያለ ጣውላ ያጋድሙ፣ በላዩ ላይ ግማሽ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስተኙ። ውኃው ወደ ፊት ከተሰበሰበ ከኮርቻው ሥር ያለውን ብሎን አላልተው አፍንጫውን ያንሱ። ልኩ ጠፍጣፋ ነው።

ከዚያ የመሪው ከፍታ። መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ ከሆነ ከፍ ያድርጉት። በቆዩት ሳይክሎች የመሪው አንገት ወደ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው፦ አናቱ ላይ ያለውን ብሎን ሦስት አራት ዙር ያላላሉ፣ በእንጨት አስደግፈው በመዶሻ ቀስ ብለው ወደ ታች መታ ያደርጉታል፣ ውስጥ ያለው ሽብልቅ ሲለቅ ዘንጉን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይስባሉ። ዘንጉ ላይ የተቀረጸ የልክ መስመር አለ። ያ መስመር ከውጭ ከታየ አልፈዋል ማለት ነው፤ አንገቱ ሊሰበር ስለሚችል ይመልሱት።

ሦስተኛው የጎማው አየር ነው። ጎሚስታው ዘንድ ሲሞላ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ ይነፋል፣ እርስዎም «ጠንካራ ነው» ብለው ይደሰታሉ። ስፋቱ 2 ኢንች አካባቢ የሆነ ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ በጠጠር ላይ ከ30 እስከ 40 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። በጎማው ጎን ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ግን አይውረዱ፤ የውስጡ ጎማ ድንጋይና ቸርኬ መሃል ተቆንጥጦ ይበሳል።

እነዚህ ሦስቱ ተስተካክለው ክንፍ ያለውን እጀታ ካስገቡ፣ ክንፉን መጀመሪያ ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገው በልኩ ያጥብቁትና ይንዱ። አንጓዎ ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ ክንፉን ትንሽ ያንሱ፣ እጅዎን ወደ ላይ የሚገፋዎት ከሆነ ይቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ አያዙሩ። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፣ ክፍል ሲገቡ ግን ያውቋታል። በየአሥር ደቂቃው አንድ እጅዎን አንስተው ማራገፍም አይርሱ።

ድንዛዜው ሳይነዱ በዋሉባቸው ቀናት ካልለቀቀ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰዎት፣ ወይም ቁልፍ መቆለፍና ጠመኔ መያዝ ካቃተዎት ጉዳዩ የእጀታ አይደለም፤ ሐኪም ጋር ይሂዱ።

«የምነዳው የባለቤቴን ሳይክል ነው፣ እጄ ትንሽ ነው። ጣቶቼ አይደነዝዙም፤ የአውራ ጣቴ ሥር ግን ያመኛል፣ ማታ ቡና ስወቅጥ ይብሳል። እጀታው ወፍሮብኝ ይሆን? በምን አውቃለሁ?» (ከደብረ ማርቆስ)

ሳይሆን አይቀርም። የወፈረ እጀታ እንዳያመልጥ አጥብቆ መጨበጥን ይጠይቃል፤ ያንን ሥራ የሚሠራው የአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ነው። ልኩን በእጅዎ ይወቁ፦ እጀታውን እንደሚነዱ ሆነው ይጨብጡ። የመሃል ጣትዎ ጫፍ ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ሥጋ ለመንካት ጥቂት ከቀረው ልክ ነው። ጥፍርዎ ሥጋው ውስጥ ከገባ ቀጥኗል፣ በሰፊው ከራቀ ወፍሯል።

ውፍረቱን በቁጥር ለማወቅ ካሊፐር አያስፈልግዎትም። ቀጭን ወረቀት ቀደው እጀታው ላይ አንድ ዙር ይጠምጥሙ፣ የተገጣጠመበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፣ ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ። ወረቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እጀታው 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ለመካከለኛ እጅ የሚሆን ነው። ለእርስዎ 29 ወይም 30 ይፈልጉ፤ ወረቀቱ ከ9.1 እስከ 9.4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል ማለት ነው። ትልቅ መዳፍ ያለው ሰው 33 ወይም 34 ይወስዳል። ከውስጥ በኩል አይጨነቁ፦ የማውንቴን ሳይክል መሪ እጀታ የሚገባበት ቦታ በሁሉም ዘንድ ለማለት ይቻላል 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ «ይሄ ለዚያ መሪ አይሆንም» ካለዎት መሪው መሃሉ ላይ ያለውን ውፍረት እያየ ነው፤ እሱ የሚለያየው አንገቱ በሚይዘው ቦታ ነው።

የፍሬኑንም እጅ ወደ ራስዎ ያቅርቡት። ከእጁ ጀርባ፣ ከመሪው ጋር በሚጣበቅበት አካባቢ ትንሽ ብሎን አለች። ወደ ውስጥ ባዞሯት መጠን የፍሬኑ እጅ ወደ እጀታው ይጠጋል። ጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያው መገጣጠሚያው ላይ ፍሬኑን ሲይዝ ያቁሙ። ከዚያ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡት፤ እጀታውን የሚነካ ከሆነ ሽቦው ላልቷልና ይወጠር።

«ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ክንዴ ይቆራመዳል፣ ጣቶቼን መዘርጋት ያቅተኛል። ወፍራም እጀታ ይሻለኛል?» (ተማሪ፣ ከደጀን)

ያንተ ችግር ፍሬን ነው፤ እጀታህን ተወው። ያንን ቁልቁለት በአራት ጣት ፍሬን ጨብጠህ ከወረድህ መጨበጫ የሚቀርህ አውራ ጣትህ ብቻ ነው፣ ክንድህም ያልተቋረጠ ሥራ ላይ ነው። የፍሬኑን ማሰሪያ አላልተህ ወደ መሃል ግፋው፣ ጠቋሚና መሃል ጣትህ የፍሬኑን እጅ ጫፍ እስኪይዙ ድረስ። ጫፉን ስትስብ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። የፍሬኑንም እጅ ከመሬት 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች አዘንብለው፤ ቁጭ ብለህ ጣትህን ስትዘረጋ ክንድ፣ አንጓና ጣት አንድ መስመር ይሆናሉ።

አወራረዱም አለ። ፍሬኑን ይዘህ አትቆይ፤ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ። ቸርኬህም ጎማህም በዚህ ይቀዘቅዛሉ። ብረቱ እስኪታይ ድረስ ያለቀ የፍሬን ላስቲክ ይዘህ ያንን ገደል አትጀምር፤ እሱ ከጣት በላይ ነው። ክንፍ ያለው እጀታ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁልቁለት አይመከርም፤ ቆመህ ስትወርድ ክንፉ ዙሪያውን እንዳትጨብጥ ያደርግሃል። ክብ፣ ቀጠን ያለ፣ ባለ ብሎን ያዝ።

«ሳይክል አከራይ ነኝ። አዲስ እጀታ ባስገባሁ በሳምንቱ መዞር ይጀምራል፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ ከነአካቴው ወልቆ ይወጣል። የምናስገባው በሳሙና ነው።» (ከባሕር ዳር)

በሽታው ሳሙናው ነው። ሳሙና ደርቆ የጠፋ ይመስላል፣ ግን እዚያው ተቀምጧል፤ ውኃ ሲያገኘው እንደገና ያንሸራትታል። ዘይትና ግራሶማ ፈጽሞ አይደርቅም፤ ነጭ ጋዝ ጎማውን ያፈርሰዋል። እንዲህ ያድርጉ።

አሮጌውን ለማውጣት ጎሚስታ አጠገብዎ ካለ ሥራው የደቂቃ ነው፦ የነፋሹን ጫፍ በእጀታው ከንፈር ሥር አስገብቶ አየር ሲለቅበት ጎማው ተነፍቶ ራሱ ይንሸራተታል። ካልሆነ ቀጭን ካቻቢቴ ከሥሩ ሰድደው ጥቂት አልኮል ያፍስሱና እያዞሩ ይሳቡ። የማይረባ ከሆነ በምላጭ ቆርጠው ይጣሉት። ከዚያ መሪውን ይመልከቱ። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ጊዜ የብረት መሪ ነው፣ ዝገት ይኖረዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው በአልኮል ጠርገው ያድርቁት። ይህችን እርምጃ የሚዘል ሰው ነው ደጋግሞ የሚመለሰው።

አዲሱን ለማስገባት የፋርማሲውን 70 በመቶ አልኮል ይጠቀሙ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል እጀታው ውስጥ ያፍስሱ፣ አፉን በአውራ ጣት ዘግተው ያናውጡ፣ የቀረውን ይድፉና ሳያቆሙ በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ይግፉት። መሃል ላይ ከቆሙ እዚያው ይይዛል። ለማስተካከል አንድ ደቂቃ ያህል አለዎት፤ ከዚያ አልኮሉ ይተናል፣ ጎማው ብረቱን ይነክሳል። ሳይክሉን እስከ ነገ አያከራዩት። (አረቄ ይሠራል ወይ ብለው ለሚጠይቁን፦ ውኃው ስለሚበዛ መድረቂያው ይረዝማል፣ ለተዘጋጀበት ቢውል ይሻላል።)

ለኪራይ ሳይክል ግን ምርጫው ለእኛ ቢተው ባለ ብሎኑን እናስገባ ነበር። የሚያሠራው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ቁልፉን ሲጠቀሙ ረጅሙን ጫፍ ብሎኑ ውስጥ ይክተቱና በአጭሩ ያጥብቁ፤ ጉልበትዎ በልክ ይሆናል፣ ጥርሱም አይበላም። እጀታውን በሁለት እጅ ጠምዝዘው ካልዞረ በቂ ነው።

የመሪውንም ጫፍ ባዶ አይተዉ። እጀታው ጫፉ ላይ ተቀዶ ብረቱ ከወጣ፣ ልጅ ወድቆ ሆዱ ላይ ቢያርፍበት ቧንቧ ይቆርጠዋል። የፕላስቲክ መዝጊያ ከሌለዎት የጠርሙስ ቡሽ ቀርጸው አጥብቀው ያስገቡ።

«ማርሹ በመጠምዘዝ የሚቀየር ነው። የገዛሁት እጀታ ረዝሞ አልገባ አለኝ። ልቁረጠው?» (ከፍኖተ ሰላም)

ባለ ብሎን ከሆነ አይቁረጡት፤ ማሰሪያው ጫፉ ላይ ነው። ተራ ጎማ ከሆነ ከውስጥ በኩል በምላጭ ይቆረጣል። ሙሉው እጀታ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሚጠመዘዝ ማርሽ የሚሆነው 9 ወይም 9 ተኩል። ከማርሹ ጋር አያጣብቁት፣ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ከተፋተጉ ማርሹ እንደ ልብ አይዞርም።

«እጀታው ላይ አሮጌ የውስጥ ጎማ ብጠመጥም ጓንት ከመግዛት አይሻልም? ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው።» (ከእንጅባራ)

ሁለቱ አንድ ሥራ አይሠሩም። ከውስጥ ጎማ በምላጭ እንደ ቀበቶ ቆርጠው ቢጠመጥሙ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ በአንድ ድርብ እጀታውን 2 ሚሊ ሜትር ያወፍረዋል። ለሙከራ ግሩም ዘዴ ነው፦ ወፍራም እጀታ ከመግዛትዎ በፊት ለሳምንት ጠምጥመው ይንዱ፣ ከተሻለዎት ያን ውፍረት ይግዙ። በቋሚነት ግን አይሆንም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ጫፉም እየተፈታ ይንጠለጠላል።

ለብርዱ ጓንት ያድርጉ፤ የቀዘቀዘ እጅ ሳያውቀው አጥብቆ ይጨብጣልና ሕመሙም ይቀንሳል። መዳፉ ላይ ወፍራም ትራስ ያለውን ግን ይተዉ። ትራሱ ሲታጠፍ ይጠቀለላል፣ እጀታውንም ያወፍራል። ስስ ቆዳ መዳፍ ያለው ይበቃል። እጁ በፈረስ ልጓም የተገራ የአገርዎ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ መሪም እንደዚያው ላላ ተደርጎ ነው የሚያዝ።